ማመልከቻና ግሥ፦ በቤት የተሠራችን መኪና ስለ ማስመዝገብ

ባለፉት ትምህርቶች አምስቱን አዕማደ ግሥ አንድ በአንድ አጥንታችኋል። አድራጊ፣ ተደራጊ፣ አስደራጊ፣ ተደራራጊና አደራራጊ እየተባሉ የሚጠሩት እነዚህ አዕማድ ብዙ ጊዜ ለፈተና ብቻ የተፈጠሩ መስለው ይታያሉ። ነገር ግን አንድ ሰው ለመሥሪያ ቤት ማመልከቻ በሚጽፍበት ጊዜ «ሠራሁ» በሚለውና «አሠራሁ» በሚለው፣ «ገጠምሁ» በሚለውና «ተገጠመ» በሚለው መካከል ያለው ልዩነት ጉዳዩን ሊያስፈጽም ወይም ሊያስቀር ይችላል። ይህን ለማስረዳት ከብየዳ ቤት የተወሰደ ምሳሌ መርጠናል። በመጀመሪያ ምንባቡን በጥሞና አንብቡ፤ ከዚያ ወደ ግሡ እንመለሳለን።

ሀ. ምንባብ

ጉባ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ በመተከል ዞን፣ ከሱዳን ድንበር አጠገብ የሚገኝ ወረዳ ነው። አገሩ ቆላ ነው፤ ሙቀቱ ይበረታል፤ ማሽላና ሰሊጥ ይበቅልበታል። የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የተጣለው በዚህ ወረዳ ነው፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀውም በዚሁ ነው። በእነዚህ ዓመታት ከግልገል በለስ ተነሥቶ ማንቡክን አልፎ ወደ ማንኩሽ በሚዘልቀው መንገድ ከባድ መኪናዎች ተመላልሰዋል። ከባድ መኪና በሚመላለስበት አገር ደግሞ ጎማ የሚለጥፍ፣ ባሌስትራ የሚያድስ፣ ላሜራ የሚበይድ ሰው አይጠፋም።

እንግዲህ በወረዳው ከተማ በማንኩሽ አንድ ወጣት በያጅ እንዳለ በሐሳባችሁ ሣሉ። ለምሳሌነት የታሰበ ሰው ስለ ሆነ ስም አልሰጠነውም። ይህ ወጣት ቀን ለሰው በር፣ መስኮትና የጋሪ አካል ሲበይድ ይውልና ማታ ማታ ለራሱ ይበይዳል። ሦስት ዓመት እንዲህ ቆየ። ሻንሲዋን ከቱቦላሬ በየደ፤ ሞተሩን ከተገለበጠች አሮጌ መኪና ገዝቶ አወረደ፤ ካምቢዮውን ከሌላ፣ መሪውን ከሌላ፣ ጎማዎቹን ደግሞ አራቱንም ከአራት ቦታ ሰበሰበ። አካሏን በላሜራ ሸፈነ፤ ቀለሙንም ራሱ ቀባ። በመጨረሻ አንድ ቀን ሞተሩ ተነሣ፤ መኪናዋም ከግቢ ወጣች። የሰፈሩ ልጆች ከኋላዋ እየሮጡ ገበያው ድረስ ሸኟት።

ከገበያው ጫፍ ላይ ትራፊክ ፖሊስ ቆሞ ነበር።

«ወንድሜ፣ ታርጋዋ የታለ?»

«ጌታዬ፣ ገና አልወጣላትም። ራሴ ነኝ የሠራኋት።»

«እጅህ ይባረክ። ግን ያልተመዘገበች መኪና መንገድ ላይ አትወጣም። ሊብሬ አለህ?»

«የለኝም።»

«የሻንሲ ቁጥርስ?»

ወጣቱ ዝም አለ። ቱቦላሬ ቁጥር የለውም።

ፖሊሱ ክፉ ሰው አልነበረም። መኪናዋን ዞሮ ተመለከታት፤ ፍሬኗን አስረግጦ አየ፤ ፍሬቻዋ እንደሚሠራም ጠየቀ። ከዚያም በእጅ ተገፍታ ወደ ግቢዋ እንድትመለስ አዘዘ። ልጆቹ አሁን ከፊት ሆነው ገፏት።

በዚያው ሰሞን አንድ ወዳጁ መጣና ምክር ሰጠው። «አንተ ልጅ፣ ምን ያስጨንቅሃል? የወደቀች አሮጌ መኪና ከነሊብሬዋ ርካሽ ናት። ሊብሬዋን ግዛ፤ የሻንሲ ቁጥሯን ቆርጠህ እዚህ ላይ በይድበት። ማን ያይሃል?» ወጣቱ ጥቂት አሰበና ራሱን ነቀነቀ። የተቆረጠና የተበየደ ላሜራ ምን እንደሚመስል ከእርሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም፤ እርሱ የሚያየውንም ሌላ በያጅ ያየዋል። ከዚህም ሌላ፣ ሦስት ዓመት የለፋባት መኪና በሌላ መኪና ስም እንድትጠራ ልቡ አልፈቀደም።

ከጥቂት ቀን በኋላ በሌሊት በሩ ተንኳኳ። ጎረቤቱ ነበር፤ ሚስቱን ምጥ ይዟታል። «ወንድም ጋሼ፣ መኪናህን አስነሣልን» አለ። ወጣቱ ቁልፉን ይዞ በጨለማ ቆመ። መንገዱ አቀበትና ቁልቁለት ነው፤ ፍሬኑን ያመነው በራሱ ቃል እንጂ በመርማሪ ቃል አይደለም፤ አንድ ነገር ቢደርስ የሚክስ መድን የለም። ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያው ተደወለ፤ አምቡላንሱም ዘግይቶ ቢሆን ደረሰ፤ እናትየዋ በሰላም ተገላገለች። በማግሥቱ ወጣቱ ብየዳ ቤቱን ሳይከፍት ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ተቀመጠ።

ለ. ስለ ምንባቡ ማብራሪያ

ፖሊሱ መኪናዋን ያስመለሰው በዘፈቀደ አይደለም። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 አንድ ተሽከርካሪ ሳይመዘገብና የመለያ ሰሌዳ ሳይኖረው በመንገድ ላይ እንዳይነዳ ይከለክላል። በየዓመቱም የቴክኒክ ምርመራ እንዲደረግለት ያዝዛል። ሕዝቡ ቦሎ የሚለው ይህ ምርመራ መፈጸሙን የሚያሳየውን ምልክት ነው። ሁለተኛው ሕግ የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድንን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 799/2005 ነው፤ ማንኛውም ተሽከርካሪ በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት መድን ሊገባለት ይገባል ይላል። ያልተመዘገበች መኪና ደግሞ ለመድን ድርጅት የለችም ማለት ነው። ሦስተኛው ከሁለቱም የቀደመ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 የሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኀላፊ እንደሚሆን፣ የነዳውም ሰው እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ቢሆን እንኳ ባለቤቱ ከኀላፊነት እንደማያመልጥ ይደነግጋል። ወጣቱ በዚያ ሌሊት ቁልፍ ይዞ የቆመው በእነዚህ ሦስት ሕጎች መካከል ነበር፤ ስማቸውን ባያውቅም።

ፋብሪካ የሠራው መኪና ሲመዘገብ ነገሩ ቀላል ነው። ከውጭ አገር የገባ ከሆነ የጉምሩክ ወረቀት አለው፤ በአገር ውስጥ የተገጣጠመ ከሆነ ገጣጣሚው ፋብሪካ ይመሰክርለታል። በአገራችን መኪና መገጣጠም አዲስ ነገር አይደለም። አምቼ በሚል አጭር ስም የታወቀው ፋብሪካ ከ1960ዎቹ ጀምሮ የጭነት መኪና ሲገጣጥም ኖሯል። በሞጆ ሲገጣጥም የነበረው ሆላንድ ካርም ከመኪናዎቹ አንዷን «ዓባይ» ብሎ ሰይሟት ነበር። ከእነዚህ ፋብሪካዎች የወጣች መኪና ሁሉ የሚመሰክርላት አላት። በማንኩሽ ግቢ ውስጥ የተበየደችው ግን ምስክሯ ሠሪዋ ብቻ ነው፤ ምስክርነቱም በጽሑፍ መቅረብ አለበት። የማመልከቻው ክብደት እዚህ ላይ ነው።

በሌላው ዓለም ይህ ዐይነቱ መኪና የራሱ ታሪክ አለው። ኮሊን ቻፕማን የተባለው እንግሊዛዊ መሐንዲስ በ1957 እ.ኤ.አ. ሎተስ ሰባት የምትባል ትንሽ መኪና አወጣ፤ ገዢው ራሱ በቤቱ እንዲገጣጥማትም ክፍሎቿን ለየብቻ አድርጎ ይሸጥ ነበር። ምክንያቱ ቀረጥ ነው። በዚያን ጊዜ በብሪታንያ ሙሉ መኪና የሚገዛ ሰው የግዢ ግብር ሲከፍል፣ የመኪና ክፍሎችን የሚገዛ ግን አይከፍልም ነበር። ሕጉ ከክፍሎቹ ጋር የመገጣጠሚያ መመሪያ እንዳይሰጥ ይከለክል ስለ ነበር፣ ቻፕማን በምትኩ የመፈታታት መመሪያ አዘጋጅቶ ገዢው ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው እንዲያነብበው አደረገ ተብሎ ይነገራል። ዛሬ በዚያው አገር በግል የተሠራ መኪና መንገድ ላይ ከመውጣቱ በፊት ለብቻው ይመረመራል። ዕድሜውና ማንነቱ በውል ሊታወቅ ያልቻለ መኪና ደግሞ «ኪው» በሚለው ፊደል የሚጀምር ሰሌዳ ይሰጠዋል። እንዲህ ያለ ሰሌዳ ያየ ሁሉ የመኪናው ልደት እንዳልተረጋገጠ ያውቃል፤ ይሁን እንጂ መኪናው መንገድ አልተከለከለም። በእኔ አስተያየት ይህ ብልህ መፍትሔ ነው፤ አለማወቅን ራሱን መዝግቦ ማለፍ ነውና።

የመኪና ልደት የሚታወቀው በቁጥሩ ነው። በዓለም ደረጃ ስምምነት የተደረሰበት የተሽከርካሪ መለያ ቁጥር 17 ፊደላትና አኀዞች አሉት። ከላቲን ፊደላት «አይ»፣ «ኦ»ና «ኪው» አይገቡበትም፤ ከ1ና ከ0 ጋር እንዳይምታቱ ተብሎ ነው። ቁጥሩ አንድ ቦታ ላይ ቢሳት መኪናው ሌላ መኪና ይሆናል። የአማርኛ ፊደል ተማሪ ይህን በቀላሉ ሊገነዘበው ይገባል፤ «ሰረቀ»ና «ሰረዘ» የሚለያዩት በአንድ ፊደል ብቻ አይደለምን?

በአገራችንም ከፋብሪካ ውጭ በግል ጥረት የሠሩ ሰዎች አልጠፉም። በአዲስ አበባ ይኖር የነበረው አስመላሽ ዘፈሩ አሮጌ የቮልስዋገን ሞተር የተገጠመላት አነስተኛ አውሮፕላን በ570 ቀን ሠርቶ ወሬው ከአገር ውጭ ጭምር ተሰምቷል። የአውሮፕላኗ ስያሜ ውስጥ 570 የሚለው ቁጥር የገባውም ከዚህ የተነሣ ነው። ከውጭ አገር የተበታተነ መኪና አስመጥቶ ለመገጣጠም የሚያስብ ሰው ደግሞ በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስቀድሞ ማወቅ ይኖርበታል። የማንኩሹ ወጣት ግን ሁሉንም ያገኘው ከአገር ውስጥ ስለ ሆነ ወደ ሰዋስዋችን እንመለስ።

ሐ. ሰዋስው

«ተሽከርካሪ» የሚለውን ቃል ተመልከቱ። «ተሽከረከረ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ ዞሮ ዞሮ የሚሄድ ማለት ነው። «አሽከርካሪ» ደግሞ «አሽከረከረ» ከሚለው የወጣ ሲሆን፣ ሌላውን እንዲሽከረከር የሚያደርግ ማለት ነው። መኪናዋ ተሽከርካሪ፣ ነጂዋ አሽከርካሪ ናቸው፤ የሚለያቸው የመነሻው ፊደል ብቻ ነው። ይህ ግሥ «ሽከረከረ» ተብሎ ያለ «ተ» ወይም ያለ «አ» እንደማይነገርም ልብ በሉ። «ተንቀጠቀጠ»ና «አንቀጠቀጠ»ም እንዲሁ ናቸው።

አሁን «ገጠመ» የሚለውን ግሥ በአምስቱ አዕማድ አርቡ። አድራጊው «ገጠመ»፣ ተደራጊው «ተገጠመ»፣ አስደራጊው «አስገጠመ»፣ ተደራራጊው «ተጋጠመ»፣ አደራራጊው «አጋጠመ» ይሆናል። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ከመኪና ሥራ ወጥተው ሌላ ትርጉም ይዘዋል፤ ሁለት ቡድኖች ተጋጠሙ፣ ችግር አጋጠመኝ እንላለን። ለማመልከቻችን የሚያስፈልጉን የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ናቸው። «ሞተሩን ገጠምሁ» ያለ ሰው ሥራው የእርሱ ነው፤ ጉድለት ቢኖር የሚጠየቀው እርሱ ነው። «ሞተሩን አስገጠምሁ» ያለ ሰው በመካከል ሌላ ባለሙያ እንዳለ ይናገራል፤ መርማሪውም «ማን ገጠመልህ?» ብሎ ይጠይቃል። «ሞተሩ ተገጠመ» ያለ ሰው ግን ሠሪውን ሰውሮታል። ተደራጊ ግሥ በራሱ ስሕተት የለበትም፤ ሠሪው ሊታወቅ በሚገባበት ቦታ ሲገባ ግን ጥርጣሬ ይጠራል።

ከዚህ ሌላ መካከለኛው ፊደል ተደግሞ የሚነገር ግሥ አለ። ገጠመ ገጣጠመ ይሆናል፤ በተነ በታተነ፣ ሰበረ ሰባበረ ይሆናል። ይህ ድርጊቱ በብዙ ክፍል፣ ቁራጭ በቁራጭ፣ ደጋግሞ መፈጸሙን ያሳያል። አንድ ሰው ጎማ ይገጥማል፤ መኪና ግን ይገጣጥማል። ቻፕማን ለገዢዎቹ የጻፈላቸው መፈታታትን ነው፤ እነርሱ ያደረጉት መገጣጠምን ነው። የአማርኛ ግሥ እንዲህ ባለ ቦታ ላይ ከብዙ ቋንቋዎች የበለጠ ይጠቅማል፤ በአንድ ቃል ሙሉ የሥራ ሂደት ይናገራልና።

ስለዚህ ወጣቱ አራት ግሦች ቀርበውለት መምረጥ ነበረበት። «ሠራሁ» ቢል ሻንሲውን ከባዶ እንዳወጣ ይናገራል፤ የሚቀጥለው ጥያቄ ስለ ጥንካሬው ነው። «ገጣጠምሁ» ቢል ክፍሎቹ ከሌላ እንደ መጡ ይናገራል፤ የሚቀጥለው ጥያቄ ከየት እንደ መጡ ነው። «አደስሁ» ወይም «ቀየርሁ» ቢል ግን ቀድሞ የተመዘገበች መኪና እንደ ነበረች ይናገራል፤ የሚቀጥለው ጥያቄ ሊብሬዋ የት አለ የሚል ነው። ወዳጁ የመከረው ነገር በሰዋስው ቋንቋ ሲነገር «ሠራሁ» የሚለውን እውነተኛ ግሥ «አደስሁ» በሚል ሐሰተኛ ግሥ ለውጥ ማለት ነበር።

«መዘገበ» በሚለው ግሥም ብዙ ተማሪዎች ይሳሳታሉ። መዝጋቢው መሥሪያ ቤቱ ነው፤ ተመዝጋቢዋ መኪናዋ ናት፤ ባለቤቱ አስመዝጋቢ ነው። «መኪናዬን ለመመዝገብ መጥቻለሁ» የሚል ሰው የመሥሪያ ቤቱን ወንበር ወስዶ ተቀምጧል። «ለማስመዝገብ» ማለት አለበት። «ታርጋ አወጣሁ» የሚለውም የአነጋገር ልማድ እንጂ የጽሑፍ ቋንቋ አይደለም፤ ሰሌዳ የሚሰጠው መሥሪያ ቤቱ ነው፤ ባለቤቱ ይቀበላል።

አንድ ተጨማሪ ነገር። በንግግር መኪናን በሴት አንቀጽ መጥራት የተለመደ ነው፤ መኪናዋ ተነሣች፣ ቆመች፣ አስቸገረችኝ ይባላል። ምንባባችንም ይህን ተከትሏል፤ የሠሪው ፍቅር ያለበት አነጋገር ነውና። በማመልከቻ ግን «ተሽከርካሪው» በወንድ አንቀጽ ይጻፋል፤ ሕጉም የሚለው እንዲሁ ነው። እንዲሁም ታርጋ፣ ቦሎ፣ ጎማ፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ፍሬቻ፣ ራሷ መኪናም ጭምር ከጣሊያንኛ የመጡ ቃላት ናቸው። ከጋራዥ ማንም አያስወጣቸውም፤ ማስወጣትም አያስፈልግም። በማመልከቻ ላይ ግን ታርጋን የመለያ ሰሌዳ፣ ሊብሬን የባለቤትነት መታወቂያ ደብተር ብሎ መጻፍ ይሻላል። ካምቢዮን ግን ካምቢዮ በሉት። ለእርሱ ያልለመደ ቃል ፈጥሮ መርማሪውን ግራ ማጋባት አይገባም።

መ. ድርሰት

አሁን የወጣቱን የመጀመሪያ ረቂቅ አንብቡ።

«ይድረስ ለተከበረው መሥሪያ ቤት። እኔ ደካማው አመልካች በብዙ ድካምና እንቅልፍ ማጣት አንዲት ቆንጆ መኪና ስለ ተሠራች፣ ሞተርም ተገኝቶ ስለ ተገጠመላት፣ ያያት ሰው ሁሉም ስላደነቃት፣ በአስቸኳይ ታርጋ ተሰጥቷት እንድትሄድልኝ በእግዚአብሔር ስም እለምናለሁ።»

ይህ ረቂቅ ከልብ የመጣ ነው፤ ግን አይጠቅምም። ዓረፍተ ነገሩ «እኔ» ብሎ ጀምሮ «ስለ ተሠራች» በሚል ተደራጊ ግሥ ስለ ተሰበረ ባለቤትና ማሰሪያ አልተስማሙም። ከሁሉ የከፋው «ሞተርም ተገኝቶ» የሚለው ነው። የት ተገኘ? ማን አገኘው? በገንዘቡ የገዛው ሞተር በአንድ ተደራጊ ግሥ ምክንያት የወደቀ ወይም የተሰረቀ ዕቃ መሰለ። ቁንጅናዋና የሰው አድናቆት ለመርማሪው ማስረጃ አይሆኑም፤ የፍሬኗ ብርታት ግን ይሆን ነበር፤ እርሱን ግን አላነሣውም። «እለምናለሁ» የሚለውም ቦታው አይደለም። ሕግ የሚፈቅደውን የሚጠይቅ ሰው ይጠይቃል እንጂ አይለምንም።

ወጣቱ ይህን ቀድዶ ሦስት ጊዜ ከጻፈ በኋላ ያዘጋጀው ማመልከቻ የሚከተለው ነው። ባዶ ቦታዎቹን እንደ የአካባቢያችሁ ሙሏቸው።

ቀን ____________

ለ ____________ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት
____________

ጉዳዩ፦ በግሌ የሠራሁት ተሽከርካሪ ተመርምሮ እንዲመዘገብልኝ ስለ መጠየቅ

እኔ አመልካች በመተከል ዞን በጉባ ወረዳ በማንኩሽ ከተማ ነዋሪ ስሆን፣ በብየዳ ሥራ እተዳደራለሁ። ባለፉት ሦስት ዓመታት አራት ጎማ ያለው አንድ ተሽከርካሪ በግቢዬ ሠርቻለሁ። ሻንሲውን ከቱቦላሬ የበየድሁት ራሴ ነኝ፤ በፋብሪካ ያልተሠራ በመሆኑም የሻንሲ ቁጥር የለውም። ሞተሩን ከአሮጌ ተሽከርካሪ ባለቤት በውል ገዝቻለሁ፤ የሞተሩ ቁጥር በብሎኩ ላይ ይነበባል፤ ውሉንም አያይዣለሁ። ካምቢዮውንና መሪውን በደረሰኝ ገዝቼ ራሴ ገጥሜያለሁ። የፍሬኑን ሥራ ግን ፈቃድ ላለው ጋራዥ ሰጥቼ አሠርቻለሁ፤ ጋራዡ የሰጠኝ የጽሑፍ ማረጋገጫ ተያይዟል። በሥራው ወቅት ያነሣኋቸውን ፎቶግራፎች በቅደም ተከተላቸው አቅርቤያለሁ።

ተሽከርካሪው እስካሁን ስላልተመዘገበ በመንገድ ላይ መንዳት አልችልም። ስለሆነም መርማሪ ባለሙያ ተሽከርካሪው ባለበት ቦታ መጥቶ እንዲመረምረው፣ ይህ ካልተቻለ በተላላፊ ሰሌዳ ወይም በጭነት መኪና ተጭኖ ወደ ምርመራ ቦታ እንዳደርሰው እንዲፈቀድልኝ፣ ምርመራውን ካለፈም ለሻንሲው መለያ ቁጥር ተወስኖለት እንዲመዘገብልኝ እጠይቃለሁ። ምርመራው እንዲስተካከል የሚያዘውን ሁሉ አስተካክላለሁ።

ከሰላምታ ጋር

ፊርማ ____________

በሁለተኛው አንቀጽ ያለውን ጥያቄ ደግማችሁ እዩት። ለመመዝገብ መመርመር ያስፈልጋል፤ ለመመርመር መሄድ ያስፈልጋል፤ ለመሄድ ደግሞ መመዝገብ ያስፈልጋል። ከማንኩሽ ወደ ዞኑ ከተማ ወደ ግልገል በለስ ያለው መንገድ ረጅም ነው፤ የክልሉ ከተማ አሶሳም ከዓባይ ወዲያ ማዶ ናት። ብዙ አመልካቾች ይህን እንቆቅልሽ ሳይጠቅሱት ያልፋሉ፤ መሥሪያ ቤቱም «መኪናውን ይዘህ ና» ብሎ ይመልሳቸዋል፤ ይዘው ሲሄዱም በመንገድ ይያዛሉ። ወጣቱ እንቆቅልሹን ራሱ አንሥቶ ሦስት መውጫ አቀረበ። ጥሩ ማመልከቻ የሚጠየቀውን ጥያቄ ቀድሞ ይመልሳል ሲባል ይህን የመሰለውን ነው።

የሻንሲ ቁጥር የለውም ብሎ በግልጽ መጻፉም ድፍረት ይመስላል። ጉድለቱን ለምን ራሱ ይናገራል? መርማሪው ከመኪናው ሥር ገብቶ ስለሚያየው ነው። በመርማሪ የተገኘ ጉድለት ጥፋት ይባላል፤ በአመልካች የተነገረ ጉድለት ግን ጉዳይ ይሆናል፤ ጉዳይም ይወሰናል። «በየድሁ»፣ «ገዝቻለሁ»፣ «ገጥሜያለሁ»፣ «አሠርቻለሁ» የሚሉትን አራት ግሦች አንድ በአንድ ተመልከቱ። እያንዳንዱ የራሱን ማስረጃ ይዞ መጥቷል። «አሠርቻለሁ» የሚለው አስደራጊ ግሥ «ሠ» ጠብቆ እንደሚነበብም አስታውሱ፤ መጥበቁ በፊደል ባይታይም የአስደራጊው «ስ» በ«ሠ» ውስጥ ተውጦ የቀረበት ምልክት ነው።

ሠ. መልመጃ

1. «በየደ»፣ «መረመረ» እና «ቀየረ» የሚሉትን ግሦች በአድራጊ፣ በተደራጊና በአስደራጊ አርቡ። «ተመራመረ» የሚለው ተደራራጊ ግሥ ከ«ተመረመረ» በትርጉም በምን እንደሚለይ በሁለት ዓረፍተ ነገር አስረዱ።

2. በወጣቱ የመጀመሪያ ረቂቅ ውስጥ ያሉትን ተደራጊ ግሦች ለቅማችሁ አውጡ፤ እያንዳንዳቸውን ባለቤታቸው በሚታወቅ አድራጊ ግሥ ለውጡ። ሊለወጥ የማይገባው የትኛው እንደ ሆነም ከነምክንያቱ ጻፉ።

3. ትራፊክ ፖሊሱ ስለዚያ ቀን ለአለቃው የሚጽፈውን አጭር ዘገባ አዘጋጁ። መኪናዋን በወንድ አንቀጽ ጥሩ፤ የራሳችሁን አስተያየት አታግቡ።

4. በአካባቢያችሁ ጋራዥ ሄዳችሁ ባለሙያዎቹ የሚጠቀሙባቸውን አሥር የመኪና ክፍል ስሞች ጻፉ። በማመልከቻ ውስጥ የትኞቹ ሳይለወጡ ሊገቡ እንደሚችሉ፣ የትኞቹ በአማርኛ ሊተኩ እንደሚገባ ለዩ።

5. የእናንተ ጎረቤት በሁለት ብስክሌቶች ክፍሎች አንዲት ባለሦስት ጎማ የዕቃ መጫኛ ሠርቷል እንበል። የገበያው አስተዳደር መግባት ከልክሎታል። «ሠራሁ»፣ «ገጣጠምሁ» ወይም «ቀየርሁ» ከሚሉት ለእርሱ የሚስማማውን መርጣችሁ በስሙ ከአንድ ገጽ የማይበልጥ ማመልከቻ ጻፉለት።